ሬዞናንስ ያለው ሎው ፓስ ፊልተር ከአንድ ቲኤል072 እና ከሞተ አምፕሊፋየር

ሲዲ40106 ወይም 555 ከሚባሉት፣ ሞገድ ለማመንጨት ከምንጠቀምባቸው አይሲዎች የሚወጣ ካሬ ሞገድ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የቤቱም የጎረቤቱም ሰው ይሰለቸዋል። ድምፁ ከቦታው አይነቃነቅማ! በ110 ኸርዝ ካሬ ሞገድ ውስጥ 330፣ 550፣ 770፣ 990 እያሉ ወደ ላይ የሚወጡ ሃርሞኒኮች (የመነሻው ድምፅ ብዜቶች) ሁልጊዜ በዚያው መጠን ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሎው ፓስ ፊልተር ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያለውን እየቀነሰ ድምፁን ያለሰልሰዋል። ሬዞናንስ ሲጨመርበት ደግሞ መቁረጫው ነጥብ ላይ ያለውን ነጥሎ ያጎላዋል። ፖቱ (በእጅ የሚዞረው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ቀስ ብሎ ሲዞር ሃርሞኒኮቹ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ያፏጫሉ፤ ሲንተሳይዘርን ሲንተሳይዘር የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ለዚህ የሚሆን ሰርኪውት ብዙ ነው። ስሙ የገነነው የሲንተሳይዘር ሠሪው የሮበርት ሙግ የትራንዚስተር መሰላል ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን የሚመሳሰሉ ትራንዚስተሮችን እየለኩ ማጣመር ይፈልጋል። በዚያ ላይ በትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 2 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። የድሬዳዋን ቀትር ለሚያውቅ ይህ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው ሳለን-ኪ የሚባለው ነው፤ ሳለንና ኪ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1955 በኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ያወጡት ንድፍ። እምብርቱ አንድ ኦፕ-አምፕ (አይሲ ውስጥ ያለ ማጉያ)፣ ሁለት ሬዚስተርና ሁለት ካፓሲተር ብቻ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኮርግ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ኤምኤስ-20 ሲንተሳይዘር ፊልተሩን ያቆመው በዚሁ ቅርፅ ላይ ስለሆነ ቀላልነቱን አይታችሁ አትናቁት።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንነጋገር። ይህ ሰርኪውት አልሠራ ሲል ሁሉም ሰው «አይሲው ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ አይሲ ለመግዛት ይሮጣል። አይሲው ግን የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሰውን የሚያስቸግሩት ፖቱና ሁለቱ ካፓሲተሮች ናቸው፤ ጽሑፉም የሚረዝመው እነሱ ጋ ሲደርስ ነው።

ዕቃው

አዲስ ዕቃ ለመግዛት የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ አለላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥገና ቤት ጥግ የተጣለ የሞተ አምፕሊፋየር ወይም የካራኦኬ ሚክሰር ጠይቁ። ቤዝና ትሬብል የሚስተካከልበት ቦርድ ላይ የምንፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ላይ ተቀምጧል፤ ባለ 8 እግር 4558 አይሲ፣ 103 እና 223 የተጻፈባቸው ካፓሲተሮች፣ ባለ ሁለት ፎቅ የስቴሪዮ ፖቶች (በአንድ ዘንግ አብረው የሚዞሩ ሁለት ፖቶች)። የፓወሩን ክፍል ግን አትነካኩ። በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ስዊቺንግ ፓወር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የወጣ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተርም ዓመታት በሙቀት የደረቀ ስለሆነ ይቅርባችሁ፤ እሱን አዲስ ግዙ።

አይሲው በውስጡ ሁለት ኦፕ-አምፕ ያለው ቲኤል072 ቢሆን ይመረጣል። 4558 የእግሩ አቀማመጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም ሳይቀየር ይገባል። ኤልኤም358ም አቀማመጡ ያው ነው፤ ግን ሞገዱ መሃሉን ሲያቋርጥ ድምፁን ያሻክረዋል። ከእግር 7 ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሲታሰርለት ይሻለዋል። ኤልኤም386 ባለ 8 እግር መሆኑ አያታልላችሁ፤ የስፒከር ማጉያ ነውና እዚህ ቦታ የለውም።

ለፊልተሩ ሁለት የ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ያስፈልጋል፤ 103 የሚለው ማለት ነው። አረንጓዴውን ወይም ቡናማውን የፊልም ካፓሲተር ምረጡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው ፊደል ትልቅ ነገር ትናገራለች፦ «ጄ» ከሆነ ስህተቱ 5 በመቶ ነው፣ «ኬ» 10፣ «ኤም» 20። «ዜድ» ከተጻፈበት ዋጋው እስከ 80 በመቶ ሊበልጥ፣ እስከ 20 በመቶ ሊያንስ ይችላል። ይህች መጨረሻዋ ያቺ ሳንቲም የምትመስለው ርካሽ ሴራሚክ ላይ የምትገኘዋ ናት። ለፓወር ማጣሪያ ትሆናለች፤ ፊልተር ውስጥ ግን ሙቀት ሲጨምር ዋጋዋ ስለሚሸሽ አትግባ።

ፖቱ ባለ ሁለት ፎቅ 100 ኪሎ ኦም ነው። ከእያንዳንዱ ፎቅ ጋር 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይታሰራል። የመቁረጫው ነጥብ ስሌት ይህ ነው፦ 1 ሲካፈል ለ (6.28 × ሬዚስተር × ካፓሲተር)። የፖቱ ሬዚስተርነት ሙሉ ሲሆን 156 ኸርዝ፣ ዜሮ ሲሆን 7,200 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ያገኛችሁት የ50 ኪሎ ኦም ፖት ከሆነ ካፓሲተሮቹን 223፣ ሬዚስተሮቹን 1 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ ውጤቱ ከ142 እስከ 7,200 ይሆናል፣ ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፖቱ ዓይነት ነው። «ቢ» የተጻፈበት ቀጥተኛ ፖት ከሆነ ግማሹ ላይ 50 ኪሎ ኦም ነው፤ ያም 305 ኸርዝ ማለት ነው። ከ156 እስከ 305 ለመሄድ የፖቱ ግማሽ መንገድ ይባክናል፤ ከ1,300 እስከ 7,200 ያለው ጣፋጩ ክፍል ደግሞ የመጨረሻዋ አሥረኛ እጅ ላይ ተጨናንቆ፣ ጣት ትንሽ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይዘላል። መፍትሔው የአምፕሊፋየሩ የድምፅ ፖት ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ «ኤ» ነው፤ መሃል ላይ ሲለካ ከሙሉ ዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ያሳያል። 1ኛና 2ኛ እግሩን ስትጠቀሙ መሃሉ ላይ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል፤ ለጆሮም የተመጣጠነ ይሆናል። ጉዳቱ አቅጣጫው መገልበጡ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይጨልማል፣ ወደ ግራ ይከፈታል። ይልመድባችሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ለሬዞናንስ የ50 ኪሎ ኦም ቀጥተኛ ፖት፣ ለመግቢያ የ100 ኪሎ ኦም ፖት፤ ሬዚስተር ደግሞ 22 ኪሎ ኦም አንድ፣ 10 ኪሎ ኦም ሁለት፣ 330 ኪሎ ኦም አንድ፣ 100 ኪሎ ኦም አንድ፣ 1 ኪሎ ኦም አንድ፣ 1 ሜጋ ኦም አንድ። ካፓሲተር 104 የሚለው ሁለት፣ 100 ማይክሮፋራድ አንድ፣ 10 ማይክሮፋራድ አንድ። ሁለት ተራ ቀይ ኤልኢዲ፣ ባለ 8 እግር የአይሲ ሶኬትና የ9 ቮልት ባትሪ። ሰርኪውቱ 4 ሚሊአምፔር አካባቢ ብቻ ስለሚበላ ባትሪው ይቆያል፤ መብራት ቢሄድም ሥራ አይቆምም። ከስልክ ቻርጀር የሚወጣው 5 ቮልት ለቲኤል072 አይበቃም።

አገጣጠሙ

መጀመሪያ መሃል መስመሩ ይሠራል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ሁለቱ 10 ኪሎ ኦሞች ተከታትለው ይታሰራሉ፤ መገናኛቸው 4.5 ቮልት ነው። ከመገናኛው ወደ ኔጌቲቭ 100 ማይክሮፋራዱ ይገባል። እሱ ከተረሳ ሬዞናንሱ ይደክማል፣ ሲግናሉም በመሃል መስመሩ በኩል ወደ መግቢያው ይመለሳል። አይሲው እግር 8 ፖዘቲቭ፣ እግር 4 ኔጌቲቭ ነው፤ በሁለቱ መካከል፣ ከአይሲው በጣም ተጠግቶ፣ አንዱ 104 ይታሰራል።

የአይሲው የመጀመሪያ ግማሽ ባፈር ነው፤ ሲግናሉን ሳያጎላ መግቢያውን ከፊልተሩ የሚለይ ማለት ነው። ከመግቢያው ጃክ 104፣ ቀጥሎ 330 ኪሎ ኦም፣ ቀጥሎ የመግቢያው ፖት አናት። የፖቱ ታች ወደ መሃል መስመር፣ የመሃል እግሩ ወደ እግር 3 ይሄዳል። ከእግር 3 ወደ መሃል መስመር 1 ሜጋ ኦሙን ጨምሩ፤ ያረጀ ፖት መሃሉ ለአፍታ ሲለቅ እግር 3 ተንጠልጥሎ እንዳይጮህ ይይዘዋል። እግር 2 ከእግር 1 ጋር በቀጥታ ይገናኛል። «ባፈሩ ምን ያደርጋል? ፖቱን በቀጥታ ወደ ፊልተሩ ብናስገባውስ?» የሚል አይጠፋም። እንደዚያ ከሆነ የመግቢያው ፖት ሬዚስተርነት በፊልተሩ ላይ ይደመርና ድምፅ በቀነሳችሁ ቁጥር መቁረጫው ነጥብ አብሮ ይሸሻል።

330 ኪሎ ኦሙም ያለ ምክንያት አልገባም። ከ40106 የሚወጣው ሞገድ 9 ቮልት ሙሉ ነው። ቲኤል072 መግቢያው ወደ ኔጌቲቩ አብዝቶ ሲጠጋ መውጫው በድንገት ይገለበጣል፤ የሚሰማውም አስቀያሚ ፍንጥርጥር ነው። 330ው ከ100ው ጋር ሆኖ 9 ቮልቱን ወደ 2 ቮልት ያወርደዋል። ለሙከራ ከስልክ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሲግናል የምትሰጡ ከሆነ ግን 330ውን ዝለሉት፤ የስልክ ሲግናል ራሱ ትንሽ ነው።

አሁን ፊልተሩ። ከእግር 1 አንዱ 2.2 ኪሎ ኦም፣ ቀጥሎ የፖቱ የመጀመሪያ ፎቅ፣ ከዚያ መጋጠሚያው። ከመጋጠሚያው ሌላው 2.2 ኪሎ ኦም፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከዚያ እግር 5። ከእግር 5 ወደ መሃል መስመር አንዱ 103 ይታሰራል፤ የታችኛው ካፓሲተር እንበለው። ሌላው 103 ከመጋጠሚያው ወደ እግር 7 ይሄዳል፤ ይኼ የላይኛው ነው። ሬዞናንስን የሚወልደው ይህ የላይኛው ነው፤ መውጫው ላይ ያለውን ድምፅ መልሶ መሃል ላይ ያስገባል። አንዳንዱ ሰው በስህተት ወደ መሃል መስመር ያስረዋል፤ ፊልተሩ ይሠራል፣ ድምፁም ይለሰልሳል፣ ግን ምን ቢዞር አያፏጭም።

ከእግር 7 ወደ እግር 6 የሬዞናንሱ ፖት፣ ከእግር 6 ወደ መሃል መስመር 22 ኪሎ ኦም። የፖቱን ትርፍ እግር ከመሃሉ ጋር አገናኙት፤ አቧራ ገብቶ መሃሉ ቢለቅ እንኳ መንገዱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ነው። ሁለቱ ኤልኢዲዎች ከፖቱ ጋር ጎን ለጎን፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዞረው ይታሰራሉ። መውጫው ከእግር 7 በ1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያ በ10 ማይክሮፋራድ በኩል ወደ ጃክ ነው፤ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ አይሲው ይዞራል። ከጃኩ ወደ ኔጌቲቭ 100 ኪሎ ኦም አስገቡ። መውጫው አምፕሊፋየር ወይም ፓወር ያለው ስፒከር ይፈልጋል፤ የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ አይገፋም።

አይሲውን ሶኬቱ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ባትሪውን ሰክታችሁ በቴስተር ለኩ፤ በእግር 8 እና 4 መካከል 9 ቮልት፣ ከኔጌቲቭ ወደ እግር 3 ደግሞ 4.5 አካባቢ መኖር አለበት። ባትሪውን ነቅላችሁ አይሲውን አስገቡና እግር 1ን እና 7ን ለኩ። ሁለቱም 4.5 አካባቢ ከሆኑ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል።

ሬዞናንሱ የሚኖርበት ቦታ

የማጉያው መጠን 1 ሲደመር (የሬዞናንስ ፖት ÷ 22) ነው። የሬዞናንሱ ጉልበት ደግሞ 1 ሲካፈል ለ (3 ሲቀነስ ማጉያው)። ፖቱ 22 ኪሎ ኦም ላይ ሲሆን ማጉያው 2፣ ጉልበቱ 1 ነው፤ ጆሮ ብዙም አይለየውም። በ33 ጉልበቱ 2 ይሆናል፤ ድምፁ አፍንጫ አፍንጫ ማለት ይጀምራል። ወደ 39.6 ሲደርስ 5፣ በ41.8 ደግሞ 10 ይሆናል፤ እዚህ ላይ መቁረጫውን ስታዞሩ 330ው፣ 550ው፣ 770ው እያንዳንዱ የራሱን ፉጨት ያሰማል። 44 ላይ ማጉያው 3 ይሞላል፤ ፊልተሩም ሲግናል ባይገባለትም በራሱ ያፏጫል። ድምፁ ለሳይን ሞገድ የቀረበ ነው፤ ቃናውም በመቁረጫው ፖት ይስተካከላል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ያለው በ33 እና በ44 መካከል ነው። የ20 ኪሎ ኦም ፖት ካገኛችሁ ከ33 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ብታስሩት ከዙሩ ግማሽ በላይ ለዚህ ቦታ ይሆናል፤ ለስላሳውን ድምፅ ግን ታጣላችሁ። እኔ 50ውን እመርጣለሁ።

ኤልኢዲዎቹ ባይኖሩ ፉጨቱ እስከ ባትሪው ጣራ ድረስ አድጎ ይቆረጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ቲኤል072 በ9 ቮልት ከመሃሉ ወዲህና ወዲያ 3 ቮልት ገደማ ብቻ ይወዛወዛል። ቀይ ኤልኢዲ በ1.7 ቮልት አካባቢ መንገድ ስለሚከፍት መውጫው 2.5 ቮልት ገደማ ላይ ሲደርስ ማጉያውን ቀስ ብሎ ይይዘዋል። በ1ኤን4148 ዳዮድ ከተካችሁት 0.9 ቮልት ላይ ስለሚይዝ ድምፁ ቀድሞ ይቆሽሻል፤ ያንን ቆሻሻ ድምፅ ፈልገው የሚያስገቡትም አሉ። ኤልኢዲዎቹ ይበራሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚያልፍባቸው ከረንት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሬዞናንስ ሲጨምር አጠቃላይ ድምፁም እስከ 3 እጥፍ ይጨምራል። በሙግ መሰላል ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ሬዞናንስ ሲጨምር ቤዙ ይሳሳል። መግቢያውን ዝቅ አድርጋችሁ መጀመር ለስፒከሩም ለጆሮም ደግ ነው።

ሲያስቸግር

በጣም የተለመደው ቅሬታ «አያፏጭም» ነው። መጀመሪያ የሬዞናንሱን ፖት ለኩ። 50 የተባለው 42 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ 44 አይደርስም። ፖቱን መቀየር አያስፈልግም፤ 22 ኪሎ ኦሙን በ18 ተኩት፣ ያኔ 36 ላይ ይነሳል።

ሁለተኛው ቅሬታ ደግሞ «አንድ ቦታ ያፏጫል፣ ሌላ ቦታ ይሞታል» ነው። ይህ የባለ ሁለት ፎቁ ፖት ጠባይ ነው። ማጉያው 3 ላይ የሚነሳው ሁለቱ ፎቆችና ሁለቱ ካፓሲተሮች እኩል ሲሆኑ ነው። በትክክል የሚፈለገው ማጉያ 1 ሲደመር (የታችኛው ካፓሲተር ÷ የላይኛው) × (1 ሲደመር ሁለተኛው ፎቅ ÷ የመጀመሪያው) ነው። ሁለተኛው ፎቅ በ20 በመቶ ከበለጠ 3.2 ይጠይቃል። ስለዚህ ፖቱን ከመበየዳችሁ በፊት ሁለቱን ፎቆች በአራት በአምስት ቦታ ለኩና የሚበዛውን ወደ ባፈሩ በኩል አድርጉት። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ካላችሁም ትልቁን ላይ፣ ትንሹን ታች አስገቡ። ይህች ብቻ ብዙ የሞቱ ፊልተሮችን አስነስታለች።

እግር 7 ወደ 8 ቮልት ወይም ወደ 1 ቮልት ተለጥፎ ከቀረ እግር 5 መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ከፖቱ ፎቅ አንዱ ወይም አንድ ብየዳ ለቋል። ፖቱ በቋሚነት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የኛ አገር አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር ታጥቦ አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲዞር ይመለሳል። እምምም የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ ካለ ሰርኪውቱን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አስገቡና ጣሳውን ከኔጌቲቭ ጋር አገናኙት። የቦርዱ ሥር ጣሳውን እንዳይነካ ካርቶን ይደረግበታል።

ስለ ሙቀት፦ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር በ1,900 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሐረር ምሽት የተቃኘ ፉጨት በድሬ ቀትር ሲከፈት ትንሽ ይወርዳል። የፊልም ካፓሲተር ከሆነ ልዩነቱ 1 በመቶ አይሞላም፤ ግማሽ ቃና 6 በመቶ ገደማ ስለሆነ ፊልተር ብቻ ለሆነ ሥራ አይሰማም። ፉጨቱን እንደ መሣሪያ የምትጫወቱበት ከሆነ ግን ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲገጥም ይታወቃል፤ ከመጫወታችሁ በፊት ቃኙት።

በእጅ ጥላ

ባለ ሁለት ፎቅ ፖት ጨርሶ ከጠፋ በሁለቱ ፎቆች ቦታ ሁለት ኤልዲአር (ብርሃን ሲበዛበት የሚቀንስ ሬዚስተር) አስገቡ። ለእያንዳንዱ 220 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን እሰሩለት፤ አለበለዚያ ጨለማ ውስጥ ሬዚስተሩ ወደ ሜጋ ኦም ሄዶ ፊልተሩ ድምፁን ሁሉ ይውጠዋል። ሁለቱን አጠጋግታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩና እጃችሁን ከላይ አወዛውዙ፤ ጥላው ሲወርድ ድምፁ ይዘጋል፣ ሲነሳ ይከፈታል። ግቢ ውስጥ በፀሐይ አትሞክሩት፤ የድሬ ፀሐይ ኤልዲአሩን ወደ ጥቂት መቶ ኦም ስለሚያወርደው ፊልተሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ክራር ለማስገባት ለሚፈልግ፣ ከአሮጌ ባዘር የወጣ የፒዬዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ይበቃል። 330ውን አውጡና የመግቢያውን ፖት በ1 ሜጋ ኦም ተኩት፤ ፒዬዞ በ100 ኪሎ ኦም ላይ ቤዙ ይሳሳል። ዲስኩ ከበርኩማው አጠገብ፣ ቆዳው ላይ በስስ ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ወፍራሙ የስፖንጅ ፕላስተር ንዝረቱን ይበላዋል። የናይለን ክር ያለው ክራር ከፍ ያለ ሃርሞኒኩ ጥቂት ስለሆነ መቁረጫውን ከ2,000 ኸርዝ በታች አድርጋችሁ ፈልጉት፤ የብረት ክር ካለው እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ የሚያፏጭ ነገር ታገኛላችሁ።